ማክሮው ኢንዴክስህን አይቶ ነው የሚመልስልህ

አብሽር ወንድሜ፣ ኮድህ አልተበላሸም። ጃምፕ (በጁሊያ ቋንቋ የኦፕቲማይዜሽን ሞዴል መሥሪያ) ላይ ያው የቫሪያብል ማክሮ (ቫሪያብል የሚፈጥረው ትዕዛዝ) አንዴ ተራ አሬይ (ከ1 ጀምሮ በቁጥር የሚጠራ)፣ አንዴ ዴንስ አክሲስ አሬይ (በስም ወይም በሌላ መለያ የሚጠራ) እየመለሰ ግራ አጋባኝ፣ ሁሉንም በግድ አሬይ ላድርገው ወይ ነው ያልከው። አታድርገው። እኔ አድርጌው የእጄን አግኝቻለሁ።

ኮምቦልቻ የዱቄት ጭነት ስንደለድል ከተሞቹን በቁጥር ያዝኳቸው፦ 1 ደሴ፣ 2 ሐይቅ፣ 3 ባቲ፣ 4 ከሚሴ። አንድ ቀን ባልደረባዬ ፍላጎቱ ያለበትን ኤክሴል በፊደል ተራ ደረደረው፣ ለእሱ ማስተካከሉ ነው እንግዲህ። 3ኛው ከሚሴ ሆነ፣ የኔ ሪፖርት ግን 3 ሲያይ «ባቲ» ብሎ ያትማል። ሞዴሉ ትንፍሽ አላለም፣ ኦፕቲማል (ምርጡ መልስ ተገኝቷል) ብሎ ጨረሰ። ያወቅነው ሾፌሩ ባቲ ደርሶ «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ብሎ ሲደውል ነው።

ከዚያ ወዲህ ኢንዴክሴ (ቫሪያብሉን የምጠራበት መለያ) ራሱ የከተማው ስም ነው። ማክሮው ዴንስ አክሲስ አሬይ ይመልሳል፣ እኔ «ባቲ» ብዬ እጠራለሁ። ፍላጎቱንም በስም ዲክሽነሪ (ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያያይዝ መያዣ) ውስጥ አስቀምጠው፣ አለዚያ ግማሽ ሥራ ነው።

ያንተ ችግር ግን ሌላ ነው። ከ1 እስከ 4 የሚለውን ቅንፉ ውስጥ በቀጥታ ብትጽፈው አሬይ ታገኝ ነበር። አንተ አስቀድመህ ስም ሰጥተህ ስሙን ብቻ ነው ያስገባኸው። ማክሮው ኮዱ ሲተረጎም የሚያየው ስሙን እንጂ ውስጡን አይደለም፣ ስለዚህ ከ1 መጀመሩን አያውቅም። እዚህ ጋ «ኮንቴይነር» የሚለውን ኪወርድ አሬይ ብለህ ስጠው፣ ወይ ቤዝ ዋንቱን (Base.OneTo፣ ሁሌም ከ1 የሚጀምር ሬንጅ) ተጠቀም። ማትሪክስ የምታባዛበት ከሆነ ማስገደድህ ልክ ነው። ኢንዴክሱ ስም ሆኖ ብታስገድደው ግን ኤረር ነው የሚሰጥህ።

ከከተማ ወደ ከተማ ለሚሄድ መንገድ ቫሪያብል ስትሠራ ደግሞ ስፓርሱ (ያሉትን ጥንዶች ብቻ የሚይዘው) ይሻላል። ከሐይቅ ባቲ የሚሄድ መኪና ደሴ ገብቶ ሐረጎን ወርዶ በኮምቦልቻ ነው የሚያልፈው። ታዲያ ለሐይቅ–ባቲ ቫሪያብል ምን ያደርግልሃል? ቅንፉ ውስጥ ኮንዲሽን ጨምርና ያለውን መንገድ ብቻ ፍጠር። ስፓርስ አክሲስ አሬይ ይመለስልሃል፣ የሌለውን ስትጠራ ኪ ኤረር ይጮህብሃል፣ ይጩህ። ድምር ስትሠራ ያንኑ ኮንዲሽን መድገም እንዳትረሳ። ሁሉም ጥንድ ካለ ግን አትጠቀመው፣ ውስጡ ዲክሽነሪ ስለሆነ ከዴንሱ ይዘገያል።

ውጤት ስታወጣ ቫልዩ ላይ ነጥቧን ጨምር (value.፣ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል እንዲሠራ)፣ መልሱም ያንኑ የከተማ ስም ይዞ ይመጣል።