ጠቅላላው ኤስ6 ይታያል፣ ፎስፌት ያለበት ግን የለም፦ የላቦራቶሪ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ላቦራቶሪ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ከጡት ካንሰር ሴሎች ፕሮቲን አውጥቼ የራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን ሠሪ) አካል የሆነውን ፕሮቲን ኤስ6ን በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በጄል በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳየው ዘዴ፣ አያለሁ። ጠቅላላውን ኤስ6 የሚይዘው አንቲቦዲ 32 ኪሎዳልተን ላይ ጥሩ ባንድ ይሰጠኛል። ሴሪን 235/236 ላይ ፎስፌት ያለበትን ብቻ የሚለየው ግን ምንም አያሳይም። በቅርቡ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ማስመጣት ወራት ይፈጃል።

መልስ፦ ለአዲስ አንቲቦዲ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ናሙናዎን ይመርምሩ። የብልቃጡን መግለጫ ያንብቡ፤ 50 በመቶ ግሊሰሮል የሚል ከሆነ አንቲቦዲው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ በተዘጋ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሌሊት መሞቁ አይገድለውም። የሚጎዳው ግሊሰሮል የሌለበትና ደጋግሞ የሚቀዘቅዝና የሚቀልጥ ነው። ግሊሰሮል ወፍራም ስለሆነ በፒፔት ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ጫፉ ላይ የተለጠፈውንም ይጥረጉ። 1 ማይክሮሊትር ሲለካ በጫፉ ላይ የሚቀረው ጠብታ ልኬቱን ያዛባል።

ኤስ6 የራይቦዞሙ ትንሽ ክፍል (40ኤስ) አካል በመሆኑ ሴሉ ቢራብም ቢጠግብም ይገኛል። ፎስፌቱ ግን የሚያርፍበት የሴሉን ምግብና እድገት የሚከታተለው ኢንዛይም ኤምቶር ሲሠራና ፎስፌት ለጣፊውን ኤስ6 ካይኔዝ ሲያነቃ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ታይቶ ፎስፎው ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በሁለት ነገሮች ላይ ይወድቃል፦ ወይ ሴሎቹ ሳህኑን ሞልተው ምግባቸውን ጨርሰዋል፣ ወይ ፎስፌቱ ሴሎቹ ሲፈርሱ ፎስፌት በሚነቅለው ኢንዛይም፣ በፎስፋቴዝ፣ ተነቅሏል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው። በማፍረሻ ባፈሩ ውስጥ ፎስፋቴዝን የሚያግዱት 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ፍሎራይድና 10 ሚሊሞላር ቤታ ግሊሰሮፎስፌት መኖራቸውን ያረጋግጡ። ቫናዴት ብቻውን አይበቃም፤ እሱ የሚያግደው የታይሮሲን ፎስፋቴዞችን ነው፣ እዚህ ያለው ግን ሴሪን ነው።

መብራት ጠፍቶ በረዶ ከሌለ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ሴሎቹን በፍጥነት አጥበው 1 በመቶ ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) ያለበት የፈላ ትሪስ ባፈር ሳህኑ ላይ ያፍስሱ፤ ኢንዛይሞቹ ወዲያው ይሞታሉ። ዲኤንኤው እንደ ንፍጥ ስለሚያጣብቅ ናሙናውን በቀጭን መርፌ ደጋግመው ያሳልፉ። ዲቲቲን (የፕሮቲን ሰልፈር ማሰሪያዎችን የሚፈታውን) እና ሰማያዊ ቀለሙን የሚጨምሩት የፕሮቲኑን መጠን ቢሲኤ በተባለው የቀለም ዘዴ ከለኩ በኋላ ይሁን፤ ዲቲቲ ልኬቱን ያበላሻል።

አንቲቦዲውን ለመፈተን ሦስት ሳህን ይበቃል። ሁሉንም ሌሊቱን ያለ ሴረም ያሳድሩ። አንዱን እንዳለ ይተዉት፣ ለሁለተኛው 20 በመቶ ሴረም ለ30 ደቂቃ ይስጡ፣ ለሦስተኛው ሴረሙን ከመስጠትዎ 1 ሰዓት አስቀድመው ኤምቶርን የሚያግደውን ራፓማይሲን 20 ናኖሞላር ይጨምሩ። ከእያንዳንዱ 20 ማይክሮግራም ፕሮቲን በ12 በመቶ ጄል ላይ ያስሩጡ። ሴረም ብቻ ያገኘው የሁለተኛው ሳህን መስመር ደምቆ ከታየ አንቲቦዲዎ ደህና ነው። በራፓማይሲኑ መስመር ደብዛዛ ባንድ ቢቀር አይደንግጡ፤ 235/236ን አርኤስኬ የሚባለው ካይኔዝም ይነካዋል። ኤምቶርን ብቻ መከተል ከፈለጉ 240/244ን የሚለየው አንቲቦዲ ይመረጣል።

ሜምብሬኑን (ፕሮቲኑ ከጄሉ የተላለፈበትን ስስ ገጽ) በወተት ሸፍነው ከሆነ ይህን ይተዉት። በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው። ለፎስፎ አንቲቦዲ 5 በመቶ ቢኤስኤ (የላም ደም አልቡሚን) በትሪስ ባፈርና 0.1 በመቶ ትዊን 20 ይጠቀሙ፤ አንቲቦዲውን 1 ለ1000 ቀጥነው በ4 ዲግሪ ያሳድሩ። ቅባት የሌለው የሱቅ ወተት ዱቄት ለጠቅላላው ኤስ6 ይበቃል። የቀጠነውን አንቲቦዲ ደግመው ለመጠቀም ሶዲየም አዛይድ ካከሉ፣ የመጀመሪያውን የሚይዘውና ብርሃን ሰጪውን ኢንዛይም ኤችአርፒን (አንድ ፐርኦክሲዴዝ) የተሸከመው ሁለተኛው አንቲቦዲ ከመግባቱ በፊት ሜምብሬኑን በደንብ ይጠቡ። አዛይዱን ኤችአርፒ ባለበት አንቲቦዲ ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩት፤ ፐርኦክሲዴዙን ያከሽፋል።

ጥያቄ፦ ከሰበታ። በበግ ጉበት ላይ ነው የምሠራው። በየመስመሩ እኩል ፕሮቲን መጫኑን ለማነጻጸሪያ ጋፕዲኤች የተባለውን ፕሮቲን ተጠቀምኩ፣ ከኤስ6 ጋር ተደበላለቀብኝ።

መልስ፦ ጋፕዲኤች 37 ኪሎዳልተን አካባቢ ስለሚቀመጥ ከ32 ጋር ይጠጋጋል። 50 ላይ የሚታየውን ቱቡሊን ይውሰዱ። ኤስ6 በአጥቢ እንስሳት መካከል እጅግ ተመሳሳይ ነው፤ በሰው፣ በአይጥና በአይጠ መጎጥ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ያም ሆኖ ብልቃጡ ስለ በግ ካልጠቀሰ፣ ከጎኑ የሰው ሴል ናሙና ያስሩጡ። ጉበት ደም የበዛበት ስለሆነ፣ ሌላ ቁራጭ ሜምብሬን ላይ ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ ይሞክሩ። 25 ወይም 50 ላይ ባንድ ካወጣ የራሱ የበጉ አንቲቦዲ ነው፣ ኤስ6 አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ። መመሪያው ናሙናውን ጄል ላይ ከመጫን በፊት በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ አሙቁ ይላል። የእኛ ውሃ ግን እዚያ ሳይደርስ ይፈላል።

መልስ፦ በእናንተ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቴርሞሜትሩ አልተሳሳተም። በፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ ለኤስ6 ይበቃል። ክዳኖቹ በእንፋሎት ግፊት ስለሚፈናጠሩ በክዳን መቆለፊያ ያጥብቋቸው፣ ሲወጡም ጄሉ ላይ ከመጫንዎ በፊት ለጥቂት ሰከንድ በሴንትሪፊዩጅ ያዙሯቸው።