መብራቱን ሳታበራ ነው ያስረከብከው

ሰላም ወንድሜ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው።

ደብረ ብርሃን አውቶ ኤሌክትሪክ ደረጃ 3 ተምረህ፣ ደብረ ሲና አንድ ጋራዥ ከገባህ ስምንት ወርህ ነው። አንድ አሮጌ ኮሮላ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የጌጆቹ ሰሌዳ) ተሰብሮ መጣ። ከሌላ ኮሮላ የተፈታ፣ አርፒኤም (የሞተር ዙር መለኪያ) ያለው ክሩስኮት ገጠምክለት። ቁልፍ ስትከፍት የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ ተነሳ፣ የዘይትና የባትሪ ምልክት በራ። ባለ መኪናው ከፍሎ ሄደ። ጣርማበር ዋሻ ሲደርስ መብራት አበራ። ክሩስኮቱ ድርግም አለ፤ የኋላ መብራቱም አብሮ ጠፋ። ዋሻውን ሲወጣ ደግሞ ጉም ነው። ከኋላ የመጣ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው። አለቃህ «አንተ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርክም» አለህ። አሁን «ትቼው ባጃጅ ልንዳ ወይ?» ትለኛለህ።

አትተወው። ግን ቶሎ ደስ አይበልህ፣ የምቆጣህ ነገር አለ።

አንተ ስህተቴ የሽቦ ቀለም ነው ብለሃል። «ቀለሙ አንድ ስለሆነ ቀጠልኩት» ነው ያልከው። እሱማ ስህተት ነው፤ ሞዴሉና የተሠራበት ዓመት ሲለያይ የሽቦው ቀለምም ቦታውም ይለያያል። አንተ ፖዘቲቭ ያመጣህበት የሶኬት እግር በአዲሱ ክሩስኮት ላይ ማሳ (ኔጋቲቭ) ነበረ። መብራት ሲበራ ኮንታክት አደረገ፣ ፊውዙ ተቃጠለ። በብዙ አሮጌ ቶዮታ ደግሞ የክሩስኮት ብርሃንና የኋላ መብራት የሚጠጡት ከአንድ ፊውዝ ነው። የፊቱ መብራት በሌላ ፊውዝ ስለሚሄድ ሹፌሩ መንገዱ ይታየዋል፤ እሱ ግን ከኋላ ለሚመጣው አይታይም።

ቀለም ማንንም ያሳስታል። ከዚያ የሚብሰው መኪናውን በቀን፣ መብራት ሳታበራ ማስረከብህ ነው። ጌጆቹ በቁልፍ መስመር ስለሚሠሩ ሁሉም ደህና መሰለህ። የብርሃኑ መስመር ሌላ ነው፤ የሚነቃው የፓርኪንግ መብራት ሲበራ ብቻ ነው። አንድ ማብሪያ ብትነካ ፊውዙ እዚያው ጋራዡ በር ላይ ይቃጠል ነበር፣ አንተም አንድ ፊውዝ ከስረህ ትስቅ ነበር።

እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ሽቦ ስቀጥል ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ የሚኒባስ ክሩስኮት አምፖሎችን በሙሉ በኤልኢዲ ቀየርኩ፣ የባትሪዋን ምልክት ጭምር። ሲያምር! ሹፌሩ ሸዋሮቢት አድሮ በማግስቱ በግፊ ነው ያስነሳው። በአሮጌ ዲናሞ ላይ ያቺ አምፖል ጌጥ አይደለችም። ዲናሞው ማመንጨት እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ጅረት በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ደግሞ ኢምንት ነው። እኔንም ያኔ «ተወው» ብለውኝ ነበር።

አሁን መኪናውን መልሰህ ስትይዝ እንዲህ አድርግ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። ክሩስኮቱን ገልብጠህ ጀርባው ላይ ያለውን ስስ የመዳብ መስመር ከአምፖሉ እስከ ሶኬቱ እግር በመልቲሜትር ተከተል። የብርሃን አምፖሎቹ የሚጋሯቸው ሁለት እግሮች አሉ፤ እነሱን ለይና ጻፋቸው። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ሞክረው፤ ከባትሪ በአንድ የ21 ዋት የፍሬን አምፖል በኩል ኤሌክትሪክ ስጠው። የፍሬኑ አምፖል በሙሉ ኃይሉ ከበራ ኮንታክት አለ ማለት ነው፣ ሳትቀጥል ፈልገው። የክሩስኮቱ አምፖሎች ከበሩና የፍሬኑ ከደበዘዘ ደህና ነው። አራት ባለ 3.4 ዋት አምፖሎች ተደምረው ከ1 አምፔር ትንሽ ብቻ የበለጠ ነው የሚወስዱት፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ተጠራጠር።

ከመኪናው በኩል ደግሞ ባትሪውን መልሰህ ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛው፣ ቁልፉ ተዘግቶ ፓርኪንግ ሲበራ ብቻ 12 ቮልት የሚመጣበት ሽቦ ነው። ሁለተኛው ብርሃኑን የሚቀንሰው ማዞሪያ ሽቦ ነው። በብዙ ቶዮታ ማዞሪያው ያለው በማሳው በኩል ስለሆነ፣ ያንን ሽቦ ትተህ በቀጥታ ቦዲ ላይ ካሰርከው መብራቱ ይበራል፣ ግን አይቀንስም። ለሊት የሚነዳ ሰው ዓይኑን ያቃጥለዋል። ኪሎ ሜትሩም ስለሚለያይ የድሮውን ንባብ ደረሰኙ ላይ ጻፍለት። አለዚያ መኪናውን ሲሸጥ አንተን ለጥያቄ የሚያስጠራህ እሱ ነው።

ወደ ባጃጁ ልመለስ። ባጃጅ ክፉ ሥራ አይደለም። ግን ሞተር የሚፈታ በየመንደሩ አለ፤ ሽቦ ተከትሎ ብልሽት የሚያገኝ ሰው ሲገኝ ባለ መኪናው ከመሐል ሜዳም ቢሆን ይመጣለታል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ፣ እየገባ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ሌላ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ሳትማር እንዳትነካው። ግን መለካት የለመደ እጅ እዚያም ይሠራል።

ሲኦሲህን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን) ካልወሰድክ ውሰድ። ከደሞዝህ ላይ ቆጥበህ የራስህን መልቲሜትር ግዛ፣ የአለቃህን አትጠብቅ። አንድ ደብተር ያዝ፤ ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ የትኛው እግር ምን እንደሆነ ጻፍበት። ሌላ ጋራዥ ሥራ ስትጠይቅ ከሰርተፊኬቱ ጋር ደብተሩን አሳያቸው። አለቃህን ለአሁኑ አትጣላው፤ በንዴት የተናገረው ነው፣ ኤፍኤስአሩ ቢገጨው ኖሮ የሚጠየቀው እሱ ነበር።

ለባለ መኪናው ዛሬውኑ ደውል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በነፃ ላስተካክልልህ በለው። ሠርተህ ስትጨርስም እስኪመሽ ጠብቅ። ፓርኪንጉን አብራ፣ ማዞሪያውን አዟዙር፣ ፍሬቻውንና ፍሬኑን ሞክር፣ ከዚያ ወርደህ በኋላ በኩል ዞረህ እይ።