ስቴቶስኮፑን ከጆሮ ጀርባ አድርጉት

ጅማ ላላችሁ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች፣

ብዙዎቻችሁ ስለ ኢምቦላይዜሽን ትጠይቁኛላችሁ። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጭንቅላት ውስጥ ያለን የደም ስር መድፈን በእርግጥም ያጓጓል። መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት።

ከጎማ ወረዳ የመጡ አንዲት እናት «ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ አለ፤ ሌሊት አያስተኛኝም» አሉኝ። የጆሮ ጠብታ ታዞላቸዋል፣ የነርቭ ነው ተብለዋል። «ድምፁ ከልብ ምትዎ ጋር ይሄዳል?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። የእጃቸውን ትርታ እየቆጠርኩ ድምፁን በአፋቸው እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። «ሹ... ሹ... ሹ...» ልክ ከትርታው ጋር። ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ስቴቶስኮፕ ሳደርግ እኔም ሰማሁት።

ደም ከደም ቅዳ ወጥቶ፣ በቀጫጭን ስሮች አልፎ፣ ግፊቱ ከረገበ በኋላ ነው ደም መልስ የሚገባው። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያስጠረጥረው ዲዩራል ፊስቱላ ላይ ግን አንጎልን በሸፈነው ጠንካራ ልባስ ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀጥታ ይገናኛሉ። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁሉም አደገኛ አይደለም። ወሳኙ ደሙ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ወደ ትልቁ ሳይነስ (የአንጎልን ደም ሰብስቦ ወደሚመልሰው ቦይ) በተለመደው አቅጣጫ ከፈሰሰ ብዙ ጊዜ ክትትል ይበቃል። ወደ ኋላ ተመልሶ አንጎል ላይ ያሉት ደም መልሶች ውስጥ ከገባ ግን እነዚያ ስስ ስሮች ግፊቱን አይችሉትም። ሊፈነዱና ሊደሙ ይችላሉ፤ የሚጥል በሽታና የማስታወስ ችግርም ይመጣል። በ1995 የወጡት ፊስቱላን በአደገኛነቱ የሚከፍሉት የቦርደንና የኮኛር ምደባዎች ሁለቱም እዚህ ጥያቄ ላይ የቆሙ ናቸው። ይህን ደግሞ አደራ፦ ድምፁ በድንገት ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ዳነ ማለት አይደለም። ሳይነሱ ተዘግቶ ደሙ ወደ አንጎል ዞሮ ሊሆን ይችላል። ተራ ሲቲ ስካን ንጹህ ሆኖ ቢመጣም አትዘናጉ። ቁርጡ የሚታወቀው በአንጂዮግራፊ፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ ማቅለሚያ ረጭቶ በኤክስሬይ በማየት ነው፤ ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 ሊዝበን ላይ በጀመረው መንገድ።

ወደ ጓጓችሁለት እንምጣ። ካቴተሩ (ቀጭኑ ቱቦ) ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነስቶ፣ በኤክስሬይ እየታየ፣ ብዙ ጊዜ የአንጎልን ልባስ የሚመግበው መካከለኛው ሜኒንጂያል ደም ቅዳ ድረስ ይሄዳል። የሚረጨው ስሩን የሚደፍን ፈሳሽ ኦኒክስ ይባላል። በኤክስሬይ እንዲታይ የታንታለም ዱቄት ስላለበት ከመወጋቱ በፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ መናጥ አለበት። ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሟቻ የተዘጋጀ ስለሆነ ከህክምናው በኋላ የታማሚው ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ፈሳሹ ደም መልሱ የሚጀምርበት ድረስ መድረስ አለበት። ደም ቅዳው ላይ ከቀረ ሌሎች ቅርንጫፎች ቦታውን ይይዙና ችግሩ ይመለሳል። መንገድ ስቶ ለዓይን ደም የሚያደርሰው ስር ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰውዬው ሊታወር ይችላል። ስለዚህ እጃችሁን ከማፍጠናችሁ በፊት አናቶሚውን ጠንቅቁ። የትኛው ቅርንጫፍ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በቃላችሁ ያዙ። መሣሪያው ይቀያየራል፤ እነዚያ መገናኛዎች ግን ያው ናቸው።

ባጃጅና ሞተር በበዛበት ከተማችን አንድ ሌላም አለ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ዓይኑ ቀልቶና ወጥቶ የሚመጣ ወጣት። ጠብታ ሰጥታችሁ አትሸኙት። ዓይኑን አስከድናችሁ ስቴቶስኮፑን የዓይኑ ቆብ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። ሹሹታ ካለ ወደ አንጎል የሚሄደው ካሮቲድ ደም ቅዳ ከዓይን ጀርባ ካለው ካቨርነስ ሳይነስ ጋር ተገናኝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እሱም በካቴተር ይታከማል። ብዙ ከቆየ ግን እይታው ላይመለስ ይችላል።

ሪፈር ስትጽፉ «የጆሮ ጩኸት» ብላችሁ አትለፉ። ከትርታ ጋር እንደሚሄድ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ በስቴቶስኮፕ መሰማት አለመሰማቱን፣ ራስ ምታት፣ የእይታ ለውጥ ወይም መንቀጥቀጥ እንዳለ ጻፉ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ገበሬ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ አስታማሚው ሁሉ ወጪ ነው። አስቸኳዩንና የሚጠብቀውን ለይታችሁ ንገሩት፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀለው ከሆነ በአፋን ኦሮሞ። ቀጠሮው ቡና ለቀማ ላይ የሚውል ከሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ያኔ ብዙዎች ይቀራሉ።