ጥያቄና መልስ፦ ስማቸው አንድ፣ ድምፃቸው ሁለት

ጥያቄ፦ የቲዩብ ስቴሪዮ አምፕሊፋየሬ ለግራና ለቀኝ አንዳንድ ኢሲሲ83 (ድምፅ የሚያጎላ አነስተኛ የመስታወት ቲዩብ) ይጠቀማል። ያገለገሉ ሁለት ገዛሁ፤ ሁለቱም «ሙላርድ» ይላሉ። የአንዱ ድምፅ ደመቅ፣ የሌላው ደከም ያለ ነው። በአንዱ መስታወት ላይ «አይ61፣ ቢ4ዲ2» ተጽፏል፤ የሌላው ሁለተኛ መስመር በሦስት ማዕዘን ይጀምራል። አንዱ ሐሰተኛ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የእንግሊዙ ሙላርድ በሆላንዱ ፊሊፕስ ሥር ያለ ኩባንያ ስለነበረ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ቲዩብ በሌላው ስም ይሸጥ ነበር። የታተመው ስም በጣት ሲታሽ ይለቃል፤ ከእግሮቹ ከፍ ብሎ ያለውን ደብዛዛ ኮድ ይመኑ። አይ61 የቲዩቡ ዓይነት ምልክት ነው፤ ቢ የፋብሪካው ቦታ፣ ብላክበርን (እንግሊዝ) ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ሄርለን (ሆላንድ)። 4 የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ዲ አራተኛው ወር፣ 2 ሁለተኛው ሳምንት ነው። ዓመቱ 1964 ይሁን 1974 ግን ኮዱ ብቻውን አይለይም።

የድምፁ ልዩነት ከፋብሪካው ይልቅ ከእርጅና ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ አጥፍተው፣ ቲዩቦቹ ሲበርዱ ያቀያይሯቸው። ድክመቱ ወደ ሌላው ጎን ከተዛወረ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው፤ ባለበት ከቀረ የአምፕሊፋየሩን ካፓሲተርና ሬዚስተር ይፈትሹ።

ቀጥሎ በካቶዱ (ኤሌክትሮን በሚለቀው የቲዩቡ ክፍል) የሚያልፈውን ከረንት ይለኩ። መሣሪያው ጠፍቶ፣ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ከ10 ቮልት በታች መውረዳቸውን አረጋግጠው የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ክሊፖች ከካቶዱ ጋር በተያያዘው ሬዚስተር ጫፎች ላይ ይሰኩ፤ ከዚያ ያብሩ፣ ውስጡንም አይንኩ። ሬዚስተሩ 1,500 ኦም ሆኖ 1.2 ቮልት ካነበቡ 0.8 ሚሊአምፒር እየሄደ ነው። በተመሳሳይ ቦታ አንዱ 1.2፣ ሌላው 0.7 ካሳየ ሁለተኛው ደክሟል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሲያወዳድሩ የድምፁን መጠን ያስተካክሉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል፣ ብዙ የቲዩብ ክርክርም የሚነሳው ከዚሁ ነው። የ400 ኸርዝ ድምፅ ለቀው በስፒከሩ ጫፍ ያለውን ኤሲ ቮልት ይለኩ። የሁለቱ ንባብ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ቮሊዩሙን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ያዳምጡ። ርካሽ ቴስተር 1,000 ኸርዝ ላይ ሊሳሳት ስለሚችል ዝቅ ያለው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ረጅም ፕሌት (በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው የብረት ክፍል) ያለው ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ የሙላርዱ ረጅም ፕሌት 17፣ አጭሩ 14 ሚሊሜትር ያህል ነው። ረጅሙ የቀደመው ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ግን በቀላሉ ይንቀጠቀጣል። በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብለው ሲነኩት ስፒከሩ እንደ ደወል ከጮኸ ለፎኖ ክፍል (የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ድምፅ ለሚያጎላው) አይሆንም፤ የማጉያ መጠኑ ዝቅተኛ ወደሆነ ቦታ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ «ቴሌፉንከን» የሚል ኢሲሲ83 ቀርቦልኛል። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ገልብጠው በእግሮቹ መካከል ያለውን መስታወት ይዩ። ቴሌፉንከን ራሱ የሠራው ከሆነ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ የአልማዝ ቅርጽ ይኖረዋል። ተፍቆ የተሠራ መስሎ ከታየዎት ይተዉት። ከውስጥ ያለው ብርማ ሽፋን ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ የማንም ይሁን የማን አይሠራም።