ስልኩ የእናትሽን እግር አልዳሰሰም

ጥያቄ፦ እናቴ ለደም ግፊት አምሎዲፒን ትወስዳለች። እግሯ አብጦ ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «ይቀጥሉ» ብሎ አሰናበተን። በስልኬ የጠየቅሁት ቻትጂፒቲ የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን አንድ ገጽ ሙሉ አስረዳኝ፤ አይዞሽም አለኝ። ማንን ልመን?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እህቴ፣ ቅሬታሽ ይገባኛል። ደብረ ማርቆስ በነርስነት ስሠራ ወረፋው ሲበዛ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ሐኪም አይቻለሁ፤ ማመካኛ ግን አይሆነውም። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 195 የጤና ጥያቄዎች ለሐኪምም ለቻትጂፒቲም ቀርበው፣ ገምጋሚዎቹ 79 በመቶ በሚሆነው ፍርዳቸው የማሽኑን መልስ መርጠዋል። የሐኪሞቹ መልስ በአማካይ 52 ቃል፣ የማሽኑ 211 ነበር። ገምጋሚዎቹ ግን የጤና ባለሙያዎች እንጂ ሕመምተኞቹ አልነበሩም።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ማሳበጡ እውነት ነው። ልብም፣ ኩላሊትም፣ ጉበትም ሲታመሙ እግር ያብጣል። ጎጃም ደግሞ ዝሆኔ የሚበዛበት አገር ነው፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። እናትሽ ስንት ዓመት ያለ ጫማ እንዳረሙ ስልኩ ጠየቀሽ? ቆዳቸውን በአውራ ጣት ተጭኖስ ጎድጉዶ መቅረቱን አየ?

መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ስልኩ የነገረሽን በወረቀት ይዘሽ ተመለሺና «ከመድኃኒቱ ነው ወይስ ከሌላ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሐኪሙ ሳይመልስልሽ ከወንበሩ አትነሺ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም አንድ እግራቸው ብቻ በድንገት ካበጠ ግን ዛሬውኑ ውሰጃቸው።