ልጄ «ደራጎን ውሸት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ጅማ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት «ደራጎን ተረት ነው» ተብሎ መጣ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እያየ «ታዲያ ይሄም ውሸት ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጁን እንዳይቆጡት፤ የጠየቀው ደግ ነገር ነው።

ከቃሉ እንነሣ። ደራጎን ከግሪክ «ድራኮን» የመጣ ነው። ግሪኮች ትልቅ እባብን ነበር እንዲህ የሚሉት፤ ሥሩም «አተኩሮ ማየት» ከሚለው ግሥ ነው ይላሉ። እባብ የዐይን ቆብ የለውምና ሲያይ አይጨፍንም። ይህንኑ ግእዝ «ከይሲ»፣ አማርኛ «ዘንዶ» ይለዋል። ዘንዶ ደግሞ ኦሮሞ ጎረቤቶችዎ «ጀዌ» የሚሉት፣ በእውን ያለ እባብ ነው። ስለዚህ ቃሉ ተረት አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቃሉን ከእባቡ አሻግሮ ወስዶታል። ዕብራይስጡ «ሌዋታን» ያለው፣ ትርጉሙ ከመጠማዘዝ ጋር የተያያዘው የባሕር አውሬ፣ በመዝሙረ ዳዊት 73 ላይ በግእዛችን ከይሲ ሆኗል፦ «አንተ ቀጥቀጥከ አርእስቲሁ ለከይሲ»፣ የዘንዶውን ራሶች ቀጠቀጥህ። ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሰዎች ምግባቸውን እንደ ሰጠ ይናገራል። ይህን ጥቅስ ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል፤ አስፈሪው አውሬ ለሕዝብ ሲሳይ ሲሆን! በመጨረሻ ዮሐንስ ራእይ 12፥9 ላይ ማንነቱን በግልጽ ነገረን፦ ታላቁ ዘንዶ ዲያብሎስና ሰይጣን የሚባለው የቀደመው እባብ ነው።

አሁን ሥዕሉን ይመልከቱ። ገድሉ የቤሩት ሰዎች ደራጎኑን ፈርተው ልጆቻቸውን ይገብሩለት እንደ ነበር ይተርካል። በብዙ ሥዕሎቻችን ልጅቷ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ላይ ነው፣ የጦሩ ጫፍ ደራጎኑ አፍ ውስጥ ገብቷል። ሠዓሊው የሣለልን ድሉን ነው። ሥዕሉ ፊት ቆመን ስንጸልይም የምንማጸነው ሰማዕቱን ነው፤ ደራጎኑን ልንፈራው አይገባም። «ዘንዶው ይመጣብሃል» እያሉ ልጅ የሚያስተኙ ወላጆች አሉ፤ እባክዎ እርስዎ ይህን አያድርጉ።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ በአርባ ቀንህ ስትጠመቅ የክርስትና አባትህ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ አንተ «እክህደከ ሰይጣን» ብሏል፤ ይህን ዘንዶ ያን ጊዜ ክደኸዋል። ሚያዝያ 23 ለንግሥ ሲሄዱም ሥዕሉ አጠገብ ያቁሙትና የጦሩን ጫፍ በጣቱ ያመልክትልዎ።