«ወንድምህ ይወክልህ» ለተባሉ ጠያቂ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የወረዳችን የነዋሪዎች ስብሰባ ዘወትር የሚካሄደው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅሬታ ባቀርብ «ወንድምህ ይወክልህ» ተባልኩ። በምርጫ ጊዜም እንዲሁ ሊሉኝ ይችላሉ? የሚያግዘኝ ሰው መንግሥት እንዲመድብልኝስ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ የጉዳዩ ሥር ያለው በተሰጠዎት ምላሽ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 192 መሠረት ማንኛውም ሰው ችሎታ እንደሌለው በሕግ ካልተገለጸ በቀር የማኅበራዊ ኑሮ ተግባሮችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ አለው። ውክልና ደግሞ በቁጥር 2199 እንደተመለከተው ውል ነው፤ የሚመነጨውም ከወካዩ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ እንዲወክልዎት ከፈለጉ ውክልናውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት እንጂ የስብሰባው አዘጋጅ በእርስዎ ቦታ ሆኖ ሊወስን አይችልም። ደረጃ መውጣት አለመቻል ስለ ሰፈርዎ ጉዳይ የመናገር መብትዎን በምንም መልኩ አይቀንሰውም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀች ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ተመጣጣኝ የሚባለውም በአድራጊው ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና የማይፈጥር ማስተካከያ ነው። በእኔ እምነት የእርስዎ ጉዳይ ጠንካራው ጎን ይህ ነው። አሳንሰር ማስገጠም በጀት ይፈልጋል፤ ስብሰባውን ወደ ምድር ወለል ወይም ወደ ግቢው ማውረድ ግን የሚፈልገው ውሳኔ ብቻ በመሆኑ፣ «አቅም የለንም» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብበት አይችልም። ከዚህም ሌላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

በምርጫ ረገድ በወንድምዎ በኩል ድምፅ እንዲሰጡ መጠየቅ ፈጽሞ ተገቢ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ያለ አድልዎ ያረጋገጠ ሲሆን ድምፅ አሰጣጡም ሚስጥራዊ እንዲሆን ያዛል። እገዛ ካስፈለገዎት በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 29 መሠረት የሚያግዝዎትን ሰው የሚመርጡት ራስዎ ነዎት።

ረዳት ስለመመደብ ያነሱት ግን ከዚህ የከበደ ነው። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 19 በማኅበረሰብ ውስጥ ለመኖር የሚያስችል ድጋፍን፣ የግል ረዳትን ጨምሮ፣ እንደ መብት ያውቃል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ግን የመንግሥትን እርዳታ ከሀገሪቱ አቅም ጋር ያያይዘዋል። በመሆኑም ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት እንዲመደብልዎት በፍርድ ቤት ማስገደድ ይቻላል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎት አልደፍርም። ሆኖም ያለውን ድጋፍ እንዲያገኙ በወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል ማመልከትዎን እንዳይተዉ እመክራለሁ።

አካሄድዎን በተመለከተ፣ ቀጣዩ ስብሰባ በየትኛው ወለል ላይ እንዲካሄድ እንደሚፈልጉ በግልጽ የሚጠቅስ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለወረዳው መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉበት፤ የቃል እምቢታ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራልና። ምላሽ ከተነፈጉ ለክፍለ ከተማው አቤት ይበሉ። ከዚያም ለሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያለ ክፍያ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። በአቤቱታው ላይ የደረጃውን ፎቶግራፍና የስብሰባውን የጥሪ ማስታወቂያ ያያይዙ፤ በሰፈሩ ደረጃ መውጣት የሚቸግራቸው አረጋውያን ካሉም አብረው እንዲፈርሙ ይጠይቋቸው።